ቀይዋ ነጥብ

ልጄ ከአንድ ባልደረባዋ ጋር የኮምፒውተር ጌም ትሠራለች። ዳቦ የሚጋገርበት ጌም ነው። ኮልፌ ዳቦ ቤት ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት እሳት ፊት ቆሜ አሳደግኳት፤ እሷ የማይበላ ዳቦ ታስጋግራለች። እሺ፣ ዘመኑ ነው።

ጌሙን ሰኞ ለውጭ አገር ገዢ ሊልኩት፣ እሁድ ከሰዓት ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ተኳርፈው አገኘኋቸው። ጠቡ የምድጃው ሙቀት ነው። ልጄ ዓለም የሚለካው በሴልሺየስ ነው ትላለች። ባልደረባዋ ደግሞ ጌም የሚገዛው አሜሪካዊ ነው፣ እሱ የሚያውቀው ፋራናይት ነው ይላል። ሁለቱንም አስገብተው ተጫዋቹ እንዲመርጥ ተስማምተዋል፤ ጌሙ ሲከፈት የትኛው ይቅደም በሚለው ግን ከሐሙስ ጀምሮ አይነጋገሩም።

"አባዬ ይፍረደን" አለች ልጄ። "የአሜሪካ ምድጃ ነው ሲያነድ የኖረው።"

እውነቷን ነው፤ ዳቦ ቤታችን ያገለገለ የአሜሪካ ምድጃ ነበረው። ይህን ላገኘችው ሁሉ ታወራለች። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ መሆኑን ታውቃለች፤ ቁጥር ግን ድሮም የማውቅ ይመስላታል። አላውቅም ነበር። ብሩን እንኳ በቀለሙ ነበር የምለየው። ለማንም አልተናገርኩም፤ በሰው ፊት ልናገርም አላሰብኩም።

"ጋሼ፣ ስንት ላይ አድርገው ነበር የሚጋግሩት?" አለኝ ባልደረባዋ።

ኮስተር ብዬ "ሦስት መቶ" አልኩ። ሙሉ ቁጥር ነው፣ ለጆሮም ያምራል።

ባልደረባዋ በፋራናይት ሦስት መቶ አድርጎ ጋገረ። ጌሙ ውስጥ አንዲት ኮፍያ ያደረገች አሮጊት ደንበኛ አለች፤ አንዴ ገመጠችና ተፋችው። ከሥሯ ጽሑፍ መጣ፤ ለገዢው እንግሊዝኛ ነው፣ ለእኛ አማርኛ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት፦ ይህ ሊጥ ነው። ልጄ ደስ አላት፤ አባዬ ያለው ሴልሺየስ ነው ማለት ነው ብላ በሴልሺየስ ሦስት መቶ ጋገረች። አሮጊቷ ተመልሳ መጣች፦ ይህ ከሰል ነው።

በሕይወቴ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ በዳቦ የመጣብኝ ግን አልነበረም።

ሁለቱ ተያዩ። የጌሙ ስሌት ተሳስቷል ማለት ነው፣ ጋሼማ አይሳሳቱም ተባባሉ። ከሐሙስ ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር መሆኑ ነው። ባልደረባዋ ሊያስተካክል ስሌቱን ማጥፋት ጀመረ። የስንት ወር ሥራ፣ ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በእኔ ሦስት መቶ ገደል ሊገባ ነው።

"አትንካው" አልኩት። "ጌሙ ልክ ነው። ውሸታሙ እኔ ነኝ።"

ነገርኳቸው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አለቃዬ ምድጃውን አስተካክሎ ሲሰጠኝ፣ የሙቀቱ መዘውር የቆመበት ቦታ ላይ በሚስቴ የጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አደረግኩ። ከዚያ በኋላ መዘውሩን ነጥቧ ላይ ማድረስ ብቻ ነበር። ሙቀቱ ቀለሙን ስለሚልጠው በየወሩ እቀባዋለሁ። ማንበብ የተማርኩት ምድጃው ለቆራሌው ከተሸጠ በኋላ ነው፤ ነጥቧ ስንት ላይ እንደነበረች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ባልደረባዋ አንገቱን ደፋ። ልጄ ግን አፍጥጣ አየችኝ።

"እማዬ የጥፍር ቀለሜን ጨረስሽብኝ እያለች ስትቆነጥጠኝ የኖረችው..."

"እኔ ነበርኩ።"

"እያየህ ዝም አልክ?"

"እያየሁ።"

ሳቁ ቀድሞ ያመለጠው ባልደረባዋን ነው። እሷም ልትቆጣ አስባ ነበር፤ አልቻለችም። ሲስቁ ሲስቁ ኩርፊያቸው ጠፋ፤ ወዲያው ሦስተኛ ምርጫ ጨመሩ። ቁጥር የሌለው፣ ቀይ ነጥብ ብቻ ያለው ምድጃ። ጌሙ ሲከፈትም እሱ እንዲቀድም ተስማሙ።

"ጋሼ፣ ለእርስዎ ክብር ነው፤ ይሞክሩት" አለኝ።

ማውሱን ተቀበልኩት። ነጥቧን አልፌ ሴልሺየስ የሚለውን ፈለግኩ፣ አነበብኩት፣ ተጫንኩት። ነጥቧ ለእነሱ ጨዋታ ናት፤ እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ተደብቄባታለሁ። ስንት ላይ እንደሚበስል ልጄን ጠየቅኋት፤ ሁለት መቶ ሃያ አለችኝ። ቁጥሩን ራሴ ጻፍኩት።

አሮጊቷ ጠርጋ በላች። የምስጋና ጽሑፍ ጠበቅኩ፤ አልመጣም።