አውጪና ተቀባይ በኩባ ዘፈን

ልጄ በከተማችን ሬዲዮ የቅዳሜ ሙዚቃ ዝግጅት ጀምራ ነበር። አንድ ቀን ደወለችና፣ «አባዬ፣ አንድ የቆየ የኩባ ሳልሳ አልበም ልልክልህ ነው። ሰምተህ ገምግምልኝ» አለችኝ። ከእኔ በቀር ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስፓኒሽ የሚችል ሰው እንደማታውቅም ጨመረች።

በልጅነቴ ኩባ ለትምህርት ከተላኩት አንዱ ነኝ። የእንስሳት ሕክምና ተምሬ ስመለስ ቋንቋውንም ጭፈራውንም እዚያው የተውኩት መስሎኝ ነበር። በጎጃም ገጠር ከብት ሳክም ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ባለቤቴ እንኳ ስጨፍር አይታኝ አታውቅም።

አልበሙን አውቀው ነበር፤ በተማሪነታችን ሸክላው እስኪፋቅ አጫውተነዋል። ስለዚህ እንደገና ሳልሰማው ውዳሴ ጻፍኩለት። እሑድ ከምሳ በኋላ በስልኬ ስከፍተው ግን፣ ያኔ እየተጋፋን የምንጨፍርበት የመጀመሪያው ዘፈን ጩኸት ብቻ ሆነብኝ። መለከቶቹ አንዱ ሌላውን ለመብለጥ ይጣደፋሉ። ያኔ ሳንሰማው የምናልፈው አራተኛው ዘፈን ግን ያዘኝ። ፒያኖው አንዲት አጭር ዜማ ይዞ አይለቅም፤ የአፍሪካ ልጅነታቸው የሚያስታውቅ ከበሮዎች በዙሪያው ይነጋገራሉ። የጻፍኩትን ቀደድኩት። ለምን እንደያዘኝ ግን መናገር አቃተኝ።

ባለቤቴ ምስር እየለቀመች ትሰማ ኖሯል። የደብረ ወርቅ ልጅ ናት፤ በወጣትነቷ በየሰርጉ ዘፈን የምታወጣው እሷ ነበረች።

«ተቀባዮቹን ስማቸው» አለችኝ። «ያችኑ ቃል ነው የሚመልሱ። አውጪው ብቻ ነው የሚለዋውጥ። እነሱ ባይጸኑለት እሱ እንዲህ አይፈነጭም ነበር።»

ስፈልገው የነበረው ይኸው ነበር። ምን እንደሚሉ ስትጠይቀኝ፣ ተቀባዮቹ «ቤታችን ሩቅ ነው» እንደሚሉ፣ አውጪው ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እየጠራ እንደሚቀልድ ነገርኳት። ቃሉን ሳልረሳው መቆየቴ ለራሴም ገረመኝ።

ከዚያ እንዴት እንደሚጨፈር አሳየኝ አለች። አፈርኩ፤ ግን ተነሣሁ። እኛ በትከሻ የምንለውን እነሱ በእግርና በወገብ እንደሚሉት ሳሳያት፣ ሰፌዱን አስቀምጣ አጠገቤ ቆመች። እኔን ጉልበቴ ያመኛል፤ እሷን ትከሻዋ ይቀድማታል። ምቱን ግን አንዴም አልሳተችውም። በትዳር ብዙ ዘመን ኖረን እንደዚያ ቀን የሳቅንበትን ጊዜ አላስታውስም።

ቅዳሜ ሬዲዮ ጣቢያው አብረን ሄድን። ስለ ከበሮውና ስለ ፒያኖው፣ ስለ ደካማው መክፈቻም እኔ ተናገርኩ፤ ተቀባዮቹ ላይ ስደርስ ማይኩን ለእሷ ሰጠሁ። አንደበቷ ከእኔ ይልቅ የተፈታ ነበር። ከመርጡለ ማርያም አንድ አድማጭ ደውሎ አራተኛውን ዘፈን ድገሙልን አለ፤ ልጄም ደገመችው።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ የምትሰማውን የስፓኒሽ ዘፈን ሁሉ ትርጉም ትጠይቀኛለች። የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ አልዋሻትም። መነጽሬን አድርጌ መዝገበ ቃላት እገልጣለሁ።