ያልተቆለፈችው መስመር

ስሙን ትተን ቆላፊው እንለው ነበር። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሥራ የገባሁ ሰሞን በቀን አሥር ጊዜ «ቆልፊው፣ አንቺ ልጅ፣ ቆልፊው» እያለ ቁም ስቅሌን ስላሳየኝ ነው። አልተቀየመም። ይልቁንስ ስልኩ ላይ ስሙን ራሱ ቆላፊው ብሎ ለወጠው።

ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ስድስት ሆነን የስልክ ጌም እንሠራለን። እኔ ግድግዳና ዛፍ እስላለሁ፤ እሱ የፓኬጅ ኃላፊ ነው። ጌም የሚሠራ ሰው ሁሉን ነገር በገዛ እጁ አይሠራም። ዝናቡን የሆነ የማናውቀው ሰው ሠርቶታል፣ የበሩን አከፋፈት ሌላው፣ የጥላውን አወዳደቅ ደግሞ ሌላው። እነዚህን የሰው ሥራዎች ፓኬጅ እንላቸዋለን። ጌሙን በምንሠራበት ፕሮግራም፣ ኢንጂን በምንለው፣ ውስጥ ዝርዝራቸው የተጻፈበት አንድ ፋይል አለ፤ በየመስመሩ የፓኬጁ ስም፣ የሚመጣበት አድራሻና ስንተኛ እትም መሆኑን የሚናገር የቨርዥን ቁጥር ይቀመጣል። ቁጥሩ ከተጻፈ ተቆለፈ ማለት ነው፤ ባለቤቱ እንዳሻው ቢቀያይረው ለእኛ የሚመጣልን ያው የድሮው ነው። ቁጥሩ ካልተጻፈ ግን ኢንጂኑ ፓኬጁን ባወረደ ቁጥር ባለቤቱ ዘንድ ሄዶ የመጨረሻውን ይዞ ይመጣል።

ቆላፊው ቁጥር በመጻፍ ብቻ አይረካም። የእያንዳንዱን ፓኬጅ ቅጂ እኛው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። «የሰው ነገር ነው፤ ባለቤቱ ነገ ብድግ ብሎ ቢያነሳው ምን ይውጠናል?» ይላል። አርባ ሦስት ፓኬጅ ነበረን። አርባ ሁለቱ ተቆልፈው ቅጂያቸው ተቀምጧል። አንዷ ብቻ ክፍት ነበረች።

ያቺ የታናሽ እህቱ ናት። እህቱ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ድምፅ ቀራጭ ነበረች። የእናታቸውን ቤት ከሳሎን እስከ ጓሮ እየተራመደች ቀርጻ የእግር ኮቴ ፓኬጅ ሠራች። የሳሎኑ ጣውላ፣ የኮሪደሩ ሲሚንቶ፣ የጓሮው ጠጠር፤ በባዶ እግር፣ በእናቷ ጫማ፣ በእርጥብ ካልሲ ሳይቀር። ልጅ ሳለች ከደረጃ ወድቃ ግራ እግሯ ተሰብሮ ስለነበር ስትራመድ ትንሽ ይጎተታል። ስለዚህ የኛ ጌም ጀግና፣ ያ ደረቱን የነፋ ጎረምሳ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ ነበር የሚሄደው። አንድ ተጫዋች «ጀግናችሁን ሐኪም ቤት ውሰዱት» ብሎ ጽፎልን በሳቅ ሞተናል። እሷ ስትሰማ ከሁላችንም በላይ ሳቀች።

አርብ አርብ ጠዋት የሆነ አዲስ ነገር ትጨምርበታለች። ከለውጡ ጋር በምታያይዛት አጭር ማስታወሻ «ጋሼ፣ ዛሬ የእንጨት መሰላል ጨምሬያለሁ፤ ስወጣ እማዬ ልትገድለኝ ነበር» ትለዋለች። መስመሯን ያልቆለፈው ለዚህ ነው። አርብ በመጣ ቁጥር ከሁላችንም ቀድሞ ይገባና ኮቱን ሳያወልቅ ፕሮጀክቱን ከፍቶ ምን እንደመጣ ያያል።

ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በፊት ታመመች። በሦስት ወሯ ሞተች። ሠላሳም አልሞላት።

መስመሯ ግን እንደተከፈተች ቀረች። እሱም አርብ አርብ ቀድሞን መግባቱን አልተወም። አንድ ቀን ዝርዝሩን ሳይ «ይቺን ምነው ዘለልካት?» አልኩት፤ ነገረኛ ነኝ፣ አልክድም። «እደርስባታለሁ» አለኝ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። ያኔ ገባኝ። ቁጥሩን ከጻፈ፣ ከዚህ በኋላ ከእሷ ምንም አይመጣም ብሎ በገዛ እጁ መፈረሙ ነው። ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ሌላው ቢቀር ቅጂዋን እኔ ማስቀመጥ እችል ነበር።

ባለፈው ዓመት ሥራ አስኪያጃችን የተጫዋቾቹ ቀልድ ሰልችቶት ሰው እጅ በገባው በድሮው ጌማችን ላይ የነበረውን ኮቴ በሌላ አስቀየረው። ቆላፊው አልተከራከረም። የእህቱን ኮቴ አዲስ ለጀመርነው ጌም ይዞት ተሻገረ።

አንድ ማክሰኞ ኢንጂኑን ወደ አዲሱ ቨርዥን አሳደግነው። እንዲህ ሲደረግ ስክሪኑ ሁሌም በቀይ የስህተት መልእክት ይሞላል፤ በሙያው ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒትም አንድ ነው። ፕሮጀክቱን ትዘጋለህ፣ የወረዱት ፓኬጆች የሚቀመጡበትን ጊዜያዊ ፎልደር ትደመስሳለህ፣ መልሰህ ትከፍታለህ። ሁሉም ራሱ ተመልሶ ይመጣል። እጅ እንደመታጠብ ነው፤ ማንም ሁለቴ አያስብበትም። ያን ጠዋት ቆላፊው መሀላችን ቆሞ «ሁላችሁም ፎልደሩን አጽዱ፤ ማንም ማሽን ላይ አሮጌ ነገር እንዳይቀር» አለን። ስድስታችንም አጸዳን።

አርባ ሁለቱ ተመለሱ። አንዷ መስመር ቀላች። በተባለው አድራሻ ምንም የለም ትላለች።

መጀመሪያ ኔትወርኩ ነው አለ። አጥፍቶ አበራው። ቀጥሎ አድራሻውን አንድ በአንድ በእጁ ጻፈው። ፓኬጁ የተቀመጠበት ድረ ገጽ፣ ባለቤታቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ያልገባባቸውን አካውንቶች ከአርብ ወዲህ ዘግቶ ኖሯል። ማስጠንቀቂያም ልኳል፣ ለእሷ ኢሜይል። ማን ይክፈተው?

«ላፕቶፗስ?» አልኩት።

«አጽድቼ ለአክስቴ ልጅ ሰጠሁት» አለ። «ሁሉም እዚያ አለ ብዬ።»

ጌሙን አስነሳው። ጀግናው ወዲያ ይሄዳል፣ ወዲህ ይመለሳል፤ ኮቴ የለውም። ቆላፊው ጣቱን ሳያነሳ ባዶ ክፍል ውስጥ ሲያመላልሰው ቆየ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ብቅ ብሎ «የኮቴ ፓኬጅ እንደ ጉድ ሞልቷል፣ አንዱን አውርዱ» አለና ተመልሶ ገባ። ያን ቀን ልለው የነበረው ነገር ዛሬም ሆዴ ውስጥ አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቱ ቤት አብሬው ሄድኩ። የድምፅ መቅረጫዋ መሳቢያዋ ውስጥ ይኖራል ብሎ ነበር። መቅረጫው ነበር፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ሥራ ስትጨርስ ሁሉን የማጥፋት ልማድ ነበራት። ሌሎቹን መሳቢያዎች ስንበረብር እናቱ እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ምን ጠፍቷችሁ ነው የልጄን ዕቃ የምታተራምሱት?»

እኔ የሆነ ነገር ልቀጥፍ አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«እማዬ፣ ኮቴዋ ጠፋብኝ» አለ። «በገዛ እጄ ነው ያጠፋሁት።» አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራቸው።

ስለ አድራሻውና ስለ ፎልደሩ ያለው የገባቸው አይመስለኝም። ጠፋብኝ ያለው ግን ገብቷቸዋል። ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡና መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዘው ተመለሱ። የድሮው ጌማችን አለበት፤ የጫነችላቸው እሷው ናት። ጀግናው የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ቆሟል። እናቱ በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉት።

ኳ፣ ሸርተት። ኳ፣ ሸርተት። ጣውላው ላይ። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ።

«ጨዋታውን እንኳ አልችልበትም» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ እንደማፈር ብለው። «በሩንም አልፌው አላውቅ። ከጣውላው ወደ ሲሚንቶው፣ ከሲሚንቶው ወደ ጣውላው አመላልሳታለሁ። ጓዳ ሆኜ ሳሎን ያለች ነው የሚመስለኝ።»

«እማዬ፣ ይኼ እኮ አምና ታድሷል» አለ ቆላፊው። «አንቺ ጋ እንዴት ቀረ?»

«አድሱ፣ አድሱ እያለ ሲነዘንዘኝ ነው የከረመው። ‹በኋላ› የምትለዋን ስነካለት ዝም ይላል።»

«ለምን ግን?»

«ምን አዲስ ነገር ሊያመጣልኝ ነው አባቴ?» አሉት። «ልጄ እንደሆነች ካሁን ወዲያ አትጨምርበት።»

ቆላፊው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እንደዚያ ያለ ልቅሶ በቀብሯ ዕለት እንኳ አላለቀሰም። እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው «አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ጌታ» እያሉ ጀርባውን ያሻሹታል። የራሳቸው ዓይን ደረቅ ነበር፤ እሳቸው ይህን ልቅሶ ከጨረሱ ቆይተዋል። ስልኩን ለሁለት ቀን አውሱኝ ብሎ ሲለምናቸው ግን ቶሎ አልለቀቁለትም።

«እንዳታድስብኝ» አሉት።

ሰኞ ስልኩን በገመድ አገናኝቶ ድምፆቹን ከጌሙ ውስጥ አወጣቸው። ከሁለት መቶ በላይ ከነበሩት አሥራ አራት ብቻ ተገኙ፤ እነሱም ለስልክ እንዲመቹ ተጨምቀው የደበዘዙ ናቸው። እርጥቡ ካልሲ የለም። መሰላሉም የለም። በተገኙት ፓኬጁን መልሶ አበጀ፣ ቅጂውን እኛው ፎልደር ውስጥ አስቀመጠ፣ ከዚያ ዝርዝሩን ከፍቶ መስመሯ ላይ ቆመ። ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል፤ የመጨረሻዋ አርብ ቁጥር ነው። ጽፎ አጠፋው። እንደገና ጻፈው።

«እስቲ እይልኝ፣ ልክ ነው?» አለኝ።

«ልክ ነው» አልኩት።

ሴቭ አደረገው።

አርብ ጠዋት ቢሮውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹም እየተንጠባጠቡ ገቡ። ቆላፊው እንደማንኛችንም ሦስት ሰዓት ላይ መጣ፤ ደህና አደራችሁ አለን፣ ኮቱን አውልቆ ሰቀለና ወደ ሥራው ገባ።