የሎራሊ ሶረንሰን ኬሚስትሪ

ሎራሊ ሶረንሰን የመጨረሻ ልጇን ቴትን አንደኛ ክፍል ባስገባችበት መስከረም ራሷም ኮሌጅ ተመዘገበች። ባሏን ዴልን ስታገባ ያቋረጠችውን ትምህርት ልትቀጥል ነው። ከዚያ ወዲህ አምስት ልጆች ወልዳ፣ በአሜሪካ በዩታ ተራሮች ሥር ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ እያረቡ ከሚኖሩት፣ ሞርሞን የሚባል የክርስትና እምነት ከሚከተሉት የሸለቆው ሰዎች ጋር ልጆቿን ስታሳድግ ኖራለች።

«የኬሚስትሪ መምህርት መሆን ነው የምፈልገው» አለችው ለባሏ።

ዴል በሩ ላይ ቁጭ ብሎ የጭቃ ቦቲውን እያወለቀ ነበር። «እኔ እኮ ኬሚስትሪ የወደቅኩ ሰው ነኝ።»

«አስተምረኝ መች አልኩህ? ማክሰኞና ሐሙስ እራት ሥራልኝ ነው ያልኩህ።»

«እሱማ ከኬሚስትሪውም ይብሳል» አለ። ግን እሺ አለ።

ያስቸገሯት አማቷ ናቸው። አርቪላ ከመንገዱ ማዶ ነው የሚኖሩት፤ ወሬውን እንደሰሙ ካፖርታቸውን ደርበው መጡ።

«ልጆችሽ ሳያድጉልሽ? እናት ለቤቷ ነው ሲባል አልሰማሽም?»

«ሴት ትማር ሲባልም ሰምቻለሁ፣ እማማ። ደግሞስ ሁሉም ትምህርት ቤት ሲውሉ እኔ እዚህ ምን እጠብቃለሁ? ማቀዝቀዣውን?»

«ይቺ አፍሽ እንኳ ትምህርት አያስፈልጋትም።» አርቪላ ወደ በሩ ሄደው ቆም አሉ። «አልወደድኩትም፤ እወቂው። ሐሙስ ሐሙስ ግን ቴትን እኔ ከትምህርት ቤት አመጣዋለሁ።»

የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀች። አልደበቀችም፤ እራት ላይ ጸሎት እንዳበቃ «ዛሬ ወደቅኩ» አለች። ወንዶቹ ልጆች ማንኪያቸውን ይዘው ቀሩ። ትልቋ ልጇ ጃኔል ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ነበረች፤ ኬሚስትሪ እሷም ትማራለች፤ በትምህርቱም ጎበዝ ነች።

«ምኑ ላይ ነው የወደቅሽው?»

«እኩልታ ማመጣጠኑ ላይ።»

«እማዬ፣ እሱ እኮ ቀላል ነው።»

«ቀላል ቢሆን እወድቅ ነበር?»

ጃኔል ሳህኖቹን ገፋ አድርጋ ባቄላና ዘቢብ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። ባቄላው ሃይድሮጅን፣ ዘቢቡ ኦክስጅን ሆነ። በግራ ያለው በቀኝም እንዲኖር እያደረገች ስትደረድር እናቷ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። መሐል ላይ ሒሳቡ አልገጥም አለ። ዞር ሲሉ ቴት ያኝካል።

«ኦክስጅኑን በላብን» አለች ጃኔል፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ወዲያ ሰኞ ማታ፣ በእምነታቸው ወግ ለቤተሰብ በተለየችው ምሽት፣ መዝሙሩና ጸሎቱ ሲያበቃ፣ ዘቢብ ይዞ መቀመጥ የቤተሰቡ ልማድ ሆነ። ሎራሊም በፈንታዋ የጃኔልን ድርሰቶች ታርምላት ጀመር።

ቤቱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። የታጠበ ልብስ ሶፋው ላይ ተቆልሎ ይሰነብታል። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ቁልፍ ላይ መድረስ የሚችል ሁሉ የራሱን ይጠብ ብላ ሎራሊ ደነገገች። በሳምንቱ አንዱ ልጅ ቀይ ካልሲ ከነጫጮቹ ጋር ከቶ የአባቱን ሸሚዝ ሮዝ አደረገው። ዴል እሑድ ያንኑ ለብሶ፣ ቀና ብሎ፣ ቤተ ክርስቲያን ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

በጥር ብርድ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ፈነዳ። የመንደሩ ቧንቧ ሠራተኛ የምእመናኑም ኤጲስ ቆጶስ ነው፤ በሞርሞኖች ዘንድ ኤጲስ ቆጶስ በሌላ ሥራ የሚተዳደር ባለትዳር ምእመን ነው። ኒልሰን ይባላል። እቃ ማጠቢያው ሥር ተጋድሞ እያጠበቀ፣ እዚያው እንዳለ «እህት ሶረንሰን፣ የሴቶች ማኅበሩን እንድትመሪ ጌታ ይፈልግሻል» አላት።

ሎራሊ እጇን ጠረገች። ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ተጠርታ እንቢ ብላ አታውቅም።

«እሺ፤ ትምህርቴን ግን አልተውም።»

«ተዪ አላልኩሽም።»

«እርስዎ አላሉኝም። ሰው ግን ያንን ነው የሚጠብቀው። ማክሰኞና ሐሙስ ሰው ቢሞትም የለሁም።»

ኒልሰን ከሥር ብቅ ብሎ አያት። «እንግዲህ እንዳይሞቱ እነግራቸዋለሁ» አለ።

የዓመቱ ትምህርት ሊያልቅ ሲል ሽማግሌው ኦርሰን አረፉ፤ ቀብራቸውም የኬሚስትሪው የመጨረሻ ፈተና ቀን ላይ ዋለ። ከቀብር መልስ ለቀስተኛውን የሚያበላው የሴቶች ማኅበሩ ነው። ሎራሊ ዋዜማውን ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ኤልዳ ሄደች።

«ነገ ጠዋት ፈተና አለብኝ፣ እማማ ኤልዳ። ለቀብሩ እደርሳለሁ። ምግቡን ግን ወንዶቹ ይሠሩታል።»

የኤልዳ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሎራሊ አስለቀስኳት ብላ ደነገጠች፤ ኤልዳ ግን እየሳቁ ነበር።

«የትኞቹ ወንዶች?»

«ዴልና ኤጲስ ቆጶሱ።»

«ምነው ኦርሰን ይህን አይቶ በሞተ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

በማግስቱ ሎራሊ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ በልጅ እግር ተማሪዎች መሐል ተቀመጠች። የማታውቀውን ዘለለች፣ የምታውቀውን ጨረሰች፣ ወረቀቷን አስረክባ ወደ መኪናዋ ሮጠች። ሬሳው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ደረሰች።

በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወጥ ቤት ውስጥ ዴል ሽርጥ ታጥቆ ላብ አጥምቆታል። አርቪላ በሩ ላይ ወንበር አስቀምጠው ያዙታል። በአይብ የተጋገረው ድንች ላዩ አርሯል፤ ግን ተበላ።

«መሪያችን ፈተና ተቀምጣ ወንዶች ድንች ይላጡልን?» አለች አንዲት ሴት፣ ሎራሊ እንድትሰማት ብላ።

«አዎ» አለች ሎራሊ፤ «ደህና አድርገው ነው የላጡት። ልጨምርልሽ?»

ፈተናውን አለፈች፤ ቢ አመጣች። «እኔ ያስተማርኩት ሰው ቢ ያመጣል?» ብላ ጃኔል አኮረፈች።

የቀረውን ትምህርት ከተራራው ማዶ ያለው ዩኒቨርሲቲ እየተመላለሰች ለመጨረስ ዓመታት ፈጀባት። ስትመረቅ ጃኔል ቀድማት ተመርቃ ነበር። አርቪላ በምርቃቱ ዕለት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አጠገባቸው ላገኙት ሁሉ «ምራቴ ናት» ይሉ ነበር።

አሁን ሎራሊ በሸለቆው ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ቴት ክፍሏ የደረሰ ዓመት፣ በመጀመሪያው ቀን እጁን አውጥቶ «እማዬ» ብሎ ጠራት። ክፍሉ በሳቅ አወካ፤ ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ። ሎራሊ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች።

«ጥያቄህ ምን ነበር?» አለችው።

ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ጠመኔዋን አንስታ ወደ ሰሌዳው ዞረች።