የአያ አጥናፉ ምስክርነት

ዛሬ ጧት የእድሩ ጥሩንባ ነፊ የአያ አጥናፉን ሞት ሲለፍፍ ጎመን እየቀነጠስሁ ነበር። መቀንጠሴን አላቋረጥሁም። ለቅሶም አልሄድሁም።

ወንድሜን ምናለን የገደለው እሱ ነው። በእርሻ ድንበር ተጣልተው፣ ገብስ አጨዳ ላይ፣ ከአጥር ሥር ተኩሶ ጣለው። ያየ ሰው ደፍሮ ስላልመሰከረበት በነጻ ተለቀቀ። እኔ ያኔ ገና ኮረዳ ነበርሁ። ቤታችን ውስጥ ሌላ ወንድ አልቀረም፤ ደሙን የምመልስ እኔው ነኝ ብዬ ማልሁ። በሬያችንን ሸጬ ከአንድ የዳንግላ ሽማግሌ ምንሽር ገዛሁ።

ሽማግሌው ጠንቃቃ ነበሩ። «ልጄ፣ የጠመንጃው ፈቃድ በስምሽ ሳይዞር ከእጄ አይወጣም» አሉኝ። በነሐሴ ጭቃ ከመንደራችን ከጥርባ ተነስቼ፣ ጉሙ ሳይገልጥ፣ የተቀቀለ ድንች በበርበሬ እየበላሁ ቆሰበር ከተማ ገባሁ። የጠመንጃ ፈቃድ መዝጋቢው ለአገሩ እንግዳ ነበር፤ «ደመኛ እንደሌለብሽ የሚመሰክር ጎረቤት አምጪ» አለኝ። ጎረቤቶቼ ነገሩን ስለሚያውቁ እሺ ያለኝ አልተገኘም።

በሳምንቱ ቢሮው ደጃፍ ተክዤ ቆሜ ሳለ አጥናፉ ሳልጠራው መጣ። ከበቅሎው ወርዶ ገባ።

«ጎረቤቷ ነኝ። ጨዋ ልጅ ናት፤ ከሰው ቂም የላትም» ብሎ ፈረመ።

ደጅ ስንወጣ፣ «እንግዲህ ጠመንጃሽን መንግሥት አውቆታል። እኔ አንድ ነገር ብሆን መጀመሪያ የሚያዘው ማን ይመስልሻል?» አለኝና ሳቀ። ደሜ ፈላ። በጋውን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ።

መላው የመጣልኝ ፈቃዱ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ነው። ምንሽሬን አንግቼ ደጁ ቆምሁ።

«አያ አጥናፉ፣ መቼም ከርስዎ ሌላ ምስክር የለኝም» አልሁት ጎረቤት እየሰማ።

እምቢ ቢል ደመኛ አላት ማለቱ ነው፤ ደመኛዋ ማን ነው ሊባል ነው። ጋቢውን ደረበና ተነሳ።

ያን በቀርከሃ መሀል የሚያልፍ ቀጭን መንገድ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሄድነው። አንድ ቦታ ላይ ጥይት አጎረስሁ። ድምፁን ሰምቶ ቆመ፤ ከዚያ ዞሮ ሳያይ መንገዱን ቀጠለ። ማጅራቱን ላብ አጠመቀው። ቢሮ ገብቶ እንደ በፊቱ «ከሰው ቂም የላትም» ብሎ ፈረመ።

ከዚያ ወዲህ ፈቃዱ በታደሰ ቁጥር እየወሰድሁ አስመስክሬዋለሁ። ባጃጅ ከመጣ በኋላ እንኳ በእግሩ ነው ያስኬድሁት።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ይቅር በይው ይሉኛል ሰዎች። አልልም። ምናለ ለሽበት አልበቃም። አንዲት ጥይት ሳልተኩስ ያን ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ አስፈርቼዋለሁ፤ ደስ ይለኛል፣ አላፍርበትም። እድሳቱ ግን የፊታችን ወር ነበር። ያችን ታህል እንኳ አልታገሠኝም።