ፊልሙ ላይ የዳነው እሸቴ

እኔ ዶክተር ሆኜ አላውቅም፤ ድሬሰር ነበርኩ። ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ በነበረ የጥጥ እርሻ ክሊኒክ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ የወባ ክኒን አድላለሁ። ዶክተር ጥሩሰው የተባልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በ1960 ዓ.ም. ስለ እሸቴ በተሠራው ፊልም ላይ።

እሸቴ የእርሻው የሚዛን ጸሐፊ ነበር። ለቃሚዎቹ የሚያመጡትን ጥጥ ይመዝናል። ቀደም ሲል አዲስ አበባ፣ በአንድ የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ክላርኔት ይነፋ ነበር። ከዚያ የተሰናበተው በአንድ ሰልፍ ምክንያት ነው። አለቃው እጁን ዝቅ አድርጎ ጓዱ በሙሉ ሲያቆም እሸቴ ብቻውን ቀጠለ። ለሁለት ተሸክመው ሲያወጡትም እየነፋ ነበር ይባላል። ኋላ ስጠይቀው "ዜማው አላለቀም ነበራ" አለኝ፤ ሌላ ምን ማድረግ ይቻል ነበር በሚል ዓይን እያየኝ።

ደኅና ሲሆን እንደሱ ያለ ጨዋ፣ እንደሱ ያለ ጥንቁቅ ሠራተኛ አልነበረም። ከሥራ በኋላ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ ሲነፋ ከወሎ የመጡት ለቃሚዎች ጆንያቸውን እንደተሸከሙ ቆመው ይቀሩ ነበር። ግመል የሚነዱት አፋሮች ቀን የሚያንጎራጉሩትን ማታ በክላርኔት ይሰሙታል፤ ግን አሳምሮትና የት እንደሚያደርሰው አውቆበት።

በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ሕመሙ ይነሣበታል። መጀመሪያ ሸሚዞቹን ላገኘው ሰው ያድላል። ቀጥሎ እንቅልፍ ያጣል፤ ከንፈሩ እስኪደማ ይነፋል። ወረቀት ሲያልቅበት ኖታውን በጆንያ ላይ ይጽፈዋል። አንድ ዓመት ዜማ የተጻፈባቸው ጆንያዎች ሄደው ከጥጥ መዳመጫው "ይህ ምልክት የየትኛው ማሳ ነው?" የሚል ደብዳቤ መጥቶልናል። ከዚያ በኋላ ይወድቃል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ለሳምንታት ይተኛል።

የማስታምመው እኔ አልነበርኩም፤ ከእርሻው በር ፊት ለፊት ምግብ ቤት የነበራቸው እትዬ ኡሙሀኒ ናቸው። ባላቸው የሞተባቸው፣ ከባቲ የመጡ ሴት ነበሩ። ሸሚዝ ማደል ሲጀምር እጁን ይዘው ጓሮ ያስገቡትና አንድ ሰፌድ ምስር ፊቱ ያኖራሉ። "እሸቴ ልጄ፣ ጠጠሩን ልቀምልኝ።" ይለቅማል። ሲጨርስ ዞር ብለው ጠጠሩን መልሰው ይቀላቅሉና "ይኸኛው ደግሞ ቀረ" ይሉታል። በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ሰፌዱ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ደግሞ ወተት ራስጌው አስቀምጠው ምንም ሳይጠይቁት ይወጣሉ። እኔ ለእሸቴ የሰጠሁት መድኃኒት ክሎሮኪን ብቻ ነው። እሱም ወባ ይዞት።

እንግዲህ በዚያ ዓመት የእርሻው መሥሪያ ቤት ለባለአክሲዮኖች የሚታይ ፊልም ፈለገ። አቶ አትክልት የሚባል ውጭ አገር የተማረ የፊልም ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። ትራክተርና ቦይ ሲያነሣ ሁለት ቀን ውሎ ሰለቸና በሦስተኛው የእሸቴን ክላርኔት ሰማ። "ይህ ሰው ራሱ ፊልም ነው!" አለ። የሠራተኛ አስተዳደር ሹሙ አቶ ተክለ ማርያምም ሐሳቡን ወደዱት፤ ያበደ ሙዚቀኛ በእርሻው ክሊኒክ ድኖ ወደ ሥራው ሲመለስ።

ችግሩ እሸቴ ያኔ ደኅና መሆኑ ነበር።

"ስታብድ የምትሆነውን አሳየን። በጥጡ መሃል ሩጥ፣ ጩህ" አለው አቶ አትክልት።

"እኔ ሳብድ አልሮጥም" አለ እሸቴ በትሕትና። "ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።"

"እሱ እኮ እብደት አይመስልም!"

የእሸቴን ኮት አስወልቀው አንድ ትራክተር ነጂ አለበሱትና ፊቱ እንዳይታይ ከኋላው እያነሡ አስሮጡት። ነጂው ጎበዝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ወድቆ ተነሣ። እሸቴ ከኔ ጋር ጥላ ሥር ቆሞ ሲያይ "ምስኪን፣ ምን ነክቶት ነው?" አለኝ። እየቀለደ ይሁን ከልቡ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ስለ ምስሩ ስነግረው አቶ አትክልት "ሴትዮዋ ታሪኩን ያንዛዙታል" አለኝ። በእሳቸው ፈንታ እኔን ነጭ ጋዋን አለበሰኝ፣ ማዳመጫ አንገቴ ላይ አንጠለጠለልኝ፤ የእሸቴን ደረት አዳመጥኩ። እምቢ ማለት እችል ነበር። ጋዋኑ ግን አምሮብኝ ነበር።

የመጨረሻው ቀን እሸቴ መጋዘን ውስጥ ነፋ። ያ እንኳ እውነተኛ ነበር። አቶ አትክልት መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ሲጠርግ አይቻለሁ።

ከአራት ወር በኋላ ፊልሙ መጥቶ ፀሐይ እንደጠለቀች በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ታየ። ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ትራክተር ነጂው ሲሮጥ አጨበጨብን። እኔ ስታይ "ዶክተር! ዶክተር!" ተባለ። እሸቴ ክላርኔቱን አፉ ላይ ሲያደርግ ግን የተሰማው የማርሽ ባንድ ነበር፤ የእሱ ዜማ ለባለአክሲዮኖች ያሳዝናል ተብሎ ተቀይሮ ኖሯል። ተራኪው በወፍራም ድምፅ "ፈጽሞ ድኗል" ሲል ጨረሰ።

እትዬ ኡሙሀኒ አጠገቤ ነበሩ። "አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ዳነ" አሉ። "ግን ማነው ሰውዬው?"

በተከታዩ ግንቦት እሸቴ ሸሚዞቹን ማደል ጀመረ። ለሕመም ፈቃዱ አቶ ተክለ ማርያም ዘንድ ሄድኩ። ድሮ ያለ ጥያቄ ይፈርሙ ነበር።

"የቱ ሕመም?" አሉኝ። "ሰውዬው እኮ ድኗል።"

"ጌታዬ፣ ተነሥቶበታል።"

"ፊልሙን ሚኒስትሮች አይተውታል። አሁን ታመመ ብዬ ብጽፍ ማን ውሸታም ሊባል ነው? እኔ ነኝ ወይስ አንተ ሐኪሙ?" አንድ ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ። ጤነኛ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነበር።

ፈረምኩ። ልጆች ነበሩኝ፤ ይህን የምለው ለማስተባበል አይደለም፣ ስፈርም ያሰብኩት እነሱን ስለነበር ነው። እሸቴ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ያለ ፈቃድ ከሥራ በመቅረት ተሰናበተ። እኔ የደረጃ ዕድገት አገኘሁ።

እትዬ ኡሙሀኒ አልተቆጡኝም፤ ይልቅ ቢቆጡኝ በተሻለኝ። "ወንድሜ ናስር ሎጊያ ላይ ለሹፌሮች ምግብ ቤት ከፍቷል። ሰው ቸግሮታል፣ ልሄድ ነው" አሉ። "እሱንስ?" አልኳቸው። "ለማን ልተወው? ላንተ?" አሉኝ። ጥጥ በጫነ መኪና ላይ ምስራቸውን፣ ድስታቸውንና እሸቴን ጭነው በገዋኔ በኩል ሄዱ።

በ1963 ለክትባት ዘመቻ ወደ ታች ተላክሁ። ሎጊያ አቧራና የመኪና ዘይት የሚሸት ሰፈር ነበር፤ አለፍ ብሎ፣ ኋላ ሰመራ የተቆረቆረችበት ሜዳ ደግሞ ጥቁር ድንጋይና ነፋስ። እሸቴን ናስር ግቢ አገኘሁት፤ ከስቶ፣ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ። የናስርን ዕቃ ቤት ይይዛል። ሲታመም ሌላ ሰው ይተካል፤ ሲሻለው ቁልፉ ይመለስለታል። በአሰብ መንገድ የሚያልፉ ሹፌሮች ክላርኔቱን ሊሰሙ ሲሉ እዚያ ያድሩ ነበር።

"እሸቴ፣ ያን ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

"አውቃለሁ፤ አሳይተውኛል" አለ። "ፊርማህ ታምራለች።"

"ይቅር በለኝ።"

"ተናድጄ ነበር። ብዙ ተናድጄ ነበር። ስናደድ ደግሞ እንቅልፍ አጣለሁ፤ እንቅልፍ ሳጣ እትዬ ሰፌዱን ያመጣሉ። ስለዚህ ተውኩት።"

"አሁንስ ጤናህ እንዴት ነው?"

ሰዓቱን አየት አደረገ። "እስካሁን ደኅና ነኝ" አለና ወደ ማድ ቤቱ ዞሮ "እትዬ! ጥሩሰው ምሳ አልበላም!" ብሎ ተጣራ።