ንዴቴ አረንጓዴ ነበር

መጀመሪያ የከዳኝ እጄ ነው። ሮቤ ገበያ አጠገብ ባለችው የጨርቅ ሱቄ ውስጥ ለአንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት የመጋረጃ ጨርቅ ልቆርጥ ስል መቀሱ ከቀኝ እጄ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። እንደገና ወደቀ። "ዛሬ እጄ ሰንፏል" ልላት ነበር። ከአፌ የወጣው ግን "ሜትር" ነው።

"ስንት ሜትር?" አለችኝ መምህርቷ።

"ሜትር" አልኳት። "ሜትር፣ ሜትር።"

ፈገግ አለች። ከዚያ ፊቴን አየችና ፈገግታዋ ጠፋ። የአፌ የቀኝ ጥግ ወደ ታች ወርዶ ነበር። እኔ አላወቅሁም። ምራቄ አገጬ ላይ ሲንጠባጠብ እንኳ አልተሰማኝም።

ያኔ የአርባ አንድ ዓመት ሴት ነበርኩ። ደም ግፊት እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ልጅ የለኝም። ባለቤቴ አማን የእህል ነጋዴ ነው፤ እህቱ ፋጡማ ደግሞ ከእኛ ጋር ትኖራለች፣ ሱቅም ታግዘኛለች። የዚያን ቀን ደግፋ ቤት ያስገባችኝ እሷ ናት። "ዓይን በልቷት ነው" ብላ አስተኛችኝ። ሐኪም ቤት የሚል አልነበረም። እኔ ልል ሞከርኩ። "ሜትር" አልኩ።

በማግስቱ ቁርአን የሚቀራብኝ ሰው ተጠራ። ሽማግሌው ትንሽ ቀርተውብኝ አቆሙ። የቀኝ እጄን አንስተው ለቀቁት፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀ። "አማን፣ ይቺ የሐኪም ናት" አሉ። "እኔ ዱዓ አደርጋለሁ፤ አንተ ግን አሁኑኑ ጎባ ውሰዳት።" እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ግን አንድ ቀን አልፎ ነበር።

ጎባ ሆስፒታል ያየኝ ሐኪም ወጣት ነው። ግፊቴን ሁለት ጊዜ ለካ። "ስትሮክ ነው" አለ። "ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ተስተጓጉሎ የንግግሩን ቦታ ጎድቶታል። ንግግር እንዲህ ሲጠፋ አፌዥያ እንለዋለን።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "የምለውን ይሰሙኛል?" ራሴን ነቀነቅሁ። ለአማንና ለፋጡማም እንዲህ አላቸው፤ "ይሰማሉ። ሁሉንም ይረዳሉ። እሳቸው ፊት ስትነጋገሩ ይህን አትርሱ።"

ቤት ሳንደርስ ረሱት።

ከሆስፒታል ወጥቼ አልጋዬ ላይ ሆኜ መጀመሪያ ስሰግድ አንድ ነገር ሆነ። ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። የቁርአኑ መክፈቻ፣ ፋቲሃው፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው ጥርት ብሎ ወጣ። አንድ ቃል አልጎደለም። በደስታ አለቀስኩ። ዳንኩ አልኩ። ውሃ እንድትሰጠኝ ወደ ፋጡማ ዞርኩ። "ሜትር" አልኩ።

ፋጡማ በሩ ላይ ቆማ ሰምታኝ ነበር። "ለአላህ ሲሆን ምላስ አላት" አለች ለወንድሟ። "ለእኛ ሲሆን ነው የሚጠፋት።"

ሐኪሙ በቀጠሮዬ ቀን ሊያስረዳቸው ሞከረ። በቃል የተያዘ ነገርና አስቦ የሚነገር ነገር በአንጎል ውስጥ መንገዳቸው እንደሚለያይ፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ዱዓና ዘፈን ሊል እንደሚችል፣ ማስመሰል እንዳልሆነ ነገራቸው። አማን አንገቱን ነቀነቀ። ፋጡማ ግን ፋቲሃ የቀራሁባትን ቀን አልረሳችልኝም። በልቼ ስጨርስ፣ "ውሃ በይና እሰጥሻለሁ" ትለኛለች። ብርጭቆውን ከፊቴ አስቀምጣ ትጠብቃለች። ውሃ። ቃሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። ቅርጹን አየዋለሁ። አፌ ላይ ሲደርስ ሌላ ይሆናል። ብርጭቆውን ይዛው ትሄዳለች።

የሰፈር ልጆች "ሜትር" የሚል ስም አወጡልኝ። አዋቂዎቹም ለመዱት።

ክረምቱ ሳይወጣ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ከፊት የተቀመጡት ሐጂ ኡስማን ናቸው፤ አባቴን የሚያውቁ፣ ኒካሄን፣ የጋብቻ ውሌን፣ ያሰሩ ሰው። አማን ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ እንደሆነ፣ ልጅ እንደሚፈልግ፣ እኔም ረዳት እንደማገኝ በቀስታ ነገሩኝ። በኦሮምኛ ነው ያወሩኝ። "እንግዲህ ዘይነባ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?"

አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ጠበቀ።

"ሜትር" አልኩ።

እንባዬ ወረደ። ፋጡማ ከኋላ፣ "ይህ በሽታ ያስለቅሳል፤ ሐኪሙም ነግሮናል። ተስማምታለች" አለች። ሐጂ ኡስማን እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሁሉም "አሚን" አለ። አለቀ።

ለሙሽራዋ የሚሆነው ቀሚስ የተቆረጠው ከሱቄ በመጣ ጣቃ ነው። አረንጓዴ ሳቲን። ለአረፋ ይፈለጋል ብዬ ያስቀመጥኩት። ፋጡማ ምንጣፉ ላይ ዘርግታ፣ እኔ እያየሁ፣ በእኔ መቀስ ቆረጠችው። "አየሽ፣ ከእኔ እጅ አይወድቅም" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ መብላት ተውኩ። መነሳት ተውኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የምውለው። ጎባ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ሞሚና መጥታ አየችኝና ከማንም ጋር ሳትመካከር በሚኒባስ አሳፍራ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጠየቀኝ፤ በራሴ ንቅናቄ መለስኩለት። "ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ነው" አለ። "ይህም ራሱን የቻለ በሽታ ነው፤ መድኃኒት አለው።" ከግፊት መድኃኒቴና ከአስፕሪኑ ጋር አሚትሪፕቲሊን ጨመረልኝ። ለእጄና ለንግግሬ ደግሞ ሲስተር አልማዝ ወደምትባል ነርስ ላከኝ።

ሲስተር አልማዝ ከጎጃም የመጣች ሴት ናት። ሮቤ ላይ ሁሉም "እሷ" እያለ ስለ እኔ ሲያወራ ሲስተር ግን "እርስዎ" እያለች ከእኔ ጋር አወራች። ተማሪዎች ከለር የሚሉትን የቀለም እርሳስ አመጣች። ቀኝ እጄ እንዲጨብጠው እያንዳንዱን በጨርቅ ጠቅልላ አወፈረችው። የአሮጌ ወረቀት ጀርባ ፊቴ አደረገች።

"ዓይንዎን ጨፍነው አንድ መስመር ያስምሩ" አለችኝ። "ወዴትም ይሂድ፣ ይጠላለፍ። ከዚያ ክፍተቶቹን በቀለም ይሙሉ። ቀለም አይምረጡ፤ እጅዎ የሄደበትን ያንሱ። እንዲያምር አይጨነቁ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ይዩና ሰውነትዎን ያዳምጡ። የቱ ጋ ጠበበዎት? የቱ ጋ ሞቀዎት?"

ሞሚና፣ "ጥቁር ካነሳች አዝናለች ማለት ነው?" ብላ ጠየቀች።

"እንደዚያ የሚል ሕግ የለም። የእሳቸውን ቀለም ትርጉም የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።"

የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። ጥግ ላይ ጭረት አደርግና እርሳሱ ይወድቃል። ምንም አይሰማኝም ነበር። መድኃኒቱ መሥራት እስኪጀምር ሳምንታት ወሰደ። አንድ ቀን በተቀመጥኩበት ሞሚና ቤት፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ፣ እጄ አረንጓዴውን አነሳ። ሞላሁት። ሌላውንም ክፍተት በአረንጓዴ ሞላሁ። ጥርሴን ነክሼ ነበር። ሆዴ ውስጥ እሳት ነደደ። ወረቀቱ እስኪቀደድ ፈተግኩት። በማግስቱም አረንጓዴ። በሦስተኛውም።

ሞሚና ከጎኔ ምስር እየለቀመች ታየኛለች። ሰፌዱን አስቀመጠች።

"የሙሽራዋ ቀሚስ ነው?"

ራሴን ነቀነቅሁ።

"እንግዲያው አላዘንሽም" አለች። "ተናደሻል።"

ያን ሁሉ ወር ሰው ሁሉ አዘነች ሲለኝ እኔም አዝኛለሁ ብዬ አምኜ ነበር። ሐዘን አልነበረም። ንዴት ነው። ስሙን ሳገኝለት መተንፈስ ቻልኩ። በዚያው ቀን ምሳዬን ጨርሼ በላሁ።

ሮቤ ስመለስ ወረቀቶቼን ይዤ ተመለስኩ። ይህን ባላደርግ ይሻል ነበር። ፋጡማ አግኝታቸው ለጎረቤት አሳየች፣ ሳቁ። በግማሹ እሳት አቀጣጠለች። አዲሲቱ ሚስት አልሳቀችም፤ ግን ከማድ ቤት አልወጣችም። ብዙም ሳይቆይ አማን ሽማግሌዎቹን ድጋሚ ጠራቸው። ሱቄን ሊሸጥ ፈልጓል። ንግድ ፈቃዱ በእኔ ስም ስለሆነ የእኔ ይሁንታ ያስፈልገዋል፤ የጠራቸው በእኔ ፈንታ እንዲፈቅዱለት ነው።

"ዕቃው እየተበላሸ ነው" አላቸው። "እሷ እንደሆነች አእምሮዋ ተመልሷል እንዳልል…" ከወረቀቶቼ አንዱን አውጥቶ ዘረጋ። አረንጓዴው ነበር። "ይኸው፣ ውላ የምታድረው ይህን ስትቀባ ነው። ሕፃን ሆናለች።"

ሐጂ ኡስማን ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ። የተቀደደውን ቦታ በጣታቸው ነኩ። ከዚያ ወደ እኔ አዘነበሉና በኦሮምኛ፣ "ዘይነባ፣ ይህ ምንድን ነው?" አሉኝ።

ፋጡማ የምለውን ታውቀዋለች፤ ቀድማ ፈገግ አለች። እኔ አረንጓዴውን አየሁ። ሆዴ ነደደ። እሳቱ ደረቴን አልፎ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ።

"ነን ዲዴ" አልኩ።

እምቢ አልኩ ማለት ነው። ሐኪሙም ነርሷም በአማርኛ ነበር ቃል ያስለመዱኝ። የመጣልኝ ግን በእናቴ ቋንቋ ነው።

"ምን አለች?" አለ አማን፣ እንዳልሰማ ሆኖ።

"ዝም ብላ ነው" አለች ፋጡማ። "ትርጉም የለውም።"

"ነን ዲዴ" አልኩ ደግሜ።

"እምቢ ብላለች" አሉ ሐጂ ኡስማን። "ሁላችንም ሰምተናል። ሱቁ አይሸጥም።" ወረቀቱን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ። "ያን ጊዜስ? ያን ጊዜም እንዲህ ልትዪን ነበር?"

ራሴን ነቀነቅሁ።

ይቅርታ አላሉኝም። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

ሱቄ ቀረችልኝ፤ ባሌ አልቀረልኝም። በዚያው ዓመት አማን አዲሲቱን ሚስቱንና ፋጡማን ይዞ ሌላ ቤት ገባ። ሲያልፍ ሰላም ይለኛል፤ ዛሬም ደንቆሮ እንደሚያነጋግር ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃሉን እየቆራረጠ ነው። አሁን አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን እናገራለሁ፤ የሰው ስም ብዙ ጊዜ ይጠፋኛል፣ ሲደክመኝ ያቺ የድሮዋ ቃል ተመልሳ ትመጣለች፣ መቀስም በቀኝ እጄ አልይዝም። ይህችን ትዝታ የጻፈችልኝ ሞሚና ናት፤ እኔ ቃል በቃል፣ አንዳንዴም ቃሉን ጠቁሜ፣ በብዙ ቀናት ከሰዓት በኋላ አስጻፍኳት።

ቀለሙን አልተውኩትም፤ ሱቄን ከፍቼ ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ ባንኮኒው ላይ ወረቀት ዘርግቼ እቀባለሁ፣ አንዳንዴ ምንም አይነግረኝም፣ አንዳንዴ ግን አማን ከሄደ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ጭጋጋማ ጠዋት እንደሆነው ይሆናል። ያን ቀን እጄ የቀጠነ ሻይ የሚመስል ፈዛዛ ቡናማ አንስቶ፣ ሳይጫን፣ በቀስታ፣ ገጹን ከዳር እስከ ዳር ሸፈነውና እኔም ደረቴ እየላላ፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ ገበያተኛው በበሩ ሲያልፍ እያየሁ አለቀስኩ፤ ሐዘኔ ያ እንደነበረ፣ ንዴቱ እስኪወጣ ድረስ ከኋላው ተራውን ሲጠብቅ እንደቆየ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሐኪም ጋ ውሰዳት ላሉት ቁርአን የቀሩብኝ ሽማግሌ፣ "ይሰማሉ" ብሎ ለመሰከረልኝ ሐኪም፣ "እርስዎ" ላለችኝ ነርስ፣ ሳታማክር ለወሰደችኝ እህቴ አላህ ጀዛቸውን ይክፈላቸው።

በዚህ ሕመም ላላችሁ የምለው አለኝ። አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ቃል ከተምታታ አትተኙ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ሂዱ። ግፊታችሁን ተለኩ። ድባቴ ሲመጣ ለሐኪሙ አሳውቁ፤ መድኃኒቱን በቀለም አትተኩት። ስትቀቡ የቀለሙን ትርጉም ማንንም አትጠይቁ፣ ሰውነታችሁን ብቻ አዳምጡ። ወረቀታችሁን ለማን እንደምታሳዩም ምረጡ፤ ሊስቅበት የሚችል ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደብቁት።

ለአስታማሚዎች ደግሞ፦ ሕመምተኛውን እንደሌለ ቆጥራችሁ ፊቱ አታውሩበት። ጥያቄ ስትጠይቁት እጁን ወይም ራሱን የሚያንቀሳቅስበት ጊዜ ስጡት። ምን እንዳለ ካልገባችሁ አልገባንም በሉ፤ አሚን አትበሉ።