ለውሻዬ ትምህርት የገዛሁት ሥጋ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ትርፍ ቤት ተወርሶ፣ ግቢያችን የቀበሌ ሆኖ፣ ሦስት አባወራ በአንድ ማድ ቤት መጠቀም ከጀመርን በኋላ። ብዙ ዘመን አልፎታል፤ ብዙ ነገርም ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳውም። በሕይወቴ ያለ ጥፋቴ የተቀጣሁት ያን ጊዜ ነውና።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው፣ ከሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ። አናጢነትንም ማንም አላሳየኝም። በእኛ የጉለሌ ሰፈር ሬዲዮ ሲበላሽ "ወርቁ ጋ ውሰዱት" ነበር የሚባለው። በማድ ቤታችን የነበረውን፣ ወገብ የሚደርስ የጣውላ ጠረጴዛም የሠራሁት እኔ ነኝ። ሦስቱም ቤት ምግቡን የሚያሳርፈው እሱ ላይ ነበር።

ቡቺ የምንለው ውሻ ነበረኝ። ከድመት ብዙም አይበልጥም። እግሩ አጭር ነው፤ ዝላዩ ግን የፍየል ነው። መጀመሪያ አጠገቡ ያለው በርጩማ ላይ፣ ከበርጩማው ጠረጴዛው ላይ ይወጣል። ዳቦ ይወስዳል፣ ፓስታ ይልሳል፣ የድስት ክዳን በአፍንጫው ይገፋል። ሑዳዴ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የጎረቤታችንን የወይዘሮ አሰገደችን ጥብስ ጠራርጎ በላ። በዚያ ጊዜ ሥጋ እንደ ልብ አይገኝም። ውሻ አፉን ያስገባበት ድስት ደግሞ ተመልሶ ለሰው አይሆንም።

"ጋሽ ወርቁ፣ ይኸው ድስቱ፤ ከእንግዲህ የውሻዎ ነው" አለችና እግሬ ሥር አስቀመጠችው። "እስከ ፋሲካ እታገሣለሁ። የፋሲካ ዶሮዬን ከነካ ግን ለአብዮት ጠባቂዎቹ ነግሬ በጥይት ነው የማስደፋው።"

ቀልዷን አልነበረም። ከእኛ በላይ፣ ወደ ቁስቋም መውጫው ላይ፣ የተደፉ ውሾች በዓይናችን አይተናል።

ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ በዱላ በለው አለ፣ አንዱ አፉን በበርበሬ እሸው አለ። ባለቤቴ ብርቄ "እንጦጦ አውጥተህ ጣለው" አለችኝ። ይህ ሁሉ ያላሰበ ሰው ምክር ነው። የተደበደበ ውሻ የሚማረው ሰው በሌለበት መስረቅን ብቻ ነው። እኔ ግን አሰብኩ። ባዶ የቲማቲም ጣሳዎች ውስጥ ጠጠር ጨምሬ፣ በክር አያይዤ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደረደርኳቸው። ቡቺ ዘሎ ሲወጣ ጣሳው ሁሉ እየተንኳኳ ወረደበት። ሲሮጥ ጅራቱን እግሮቹ መሐል ቀብሮ ነበር። ከዚያ በሩ ላይ ጆንያ አነጠፍኩለት። "ቦታህ!" ስለው እዚያ ይተኛል፤ ከተኛ በእጄ አጎርሰዋለሁ። ከጠረጴዛ ምንም የለም፣ ከመሬትም ምንም የለም፣ ከእጅ ብቻ። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ከራሴ ጭንቅላት የወጣ ነው።

ጾሙ ሳይጋመስ ውሻው ሌላ ውሻ ሆነ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ቂጣው ክዳኑ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ይውላል፤ እሱ ጆንያው ላይ ተኝቶ ያያል። ግቢውን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ። ከውጭም ሰው እየጠራሁ አሳየሁ።

ወይዘሮ አሰገደች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታይ ቆየችና ሳቀች።

"አይ ጋሽ ወርቁ! በሑዳዴማ ማን አይጾምም? ምስር ተወልኝ ብለው ነው ይህ ሁሉ? የፋሲካ ለት እንተያያለን!"

ሁሉም ሳቁ። ብርቄ ራሷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔ ግን አንገበገበኝ። ውሻውን በሥጋ ፈትኜ ላሳያቸው ወሰንኩ። በሑዳዴ ደግሞ በክርስቲያን ቤት ሥጋ አይገኝም፤ ልኳንዳዎቻችንም ዝግ ናቸው።

ስለዚህ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ወደ ሙስሊም ሥጋ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ያውቀኛል፤ ሬዲዮውን ሠርቼለታለሁ። ቢላዋውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ።

"ጋሼ፣ በደህና ነው? ጾም አይደላችሁ እንዴ?"

"ለውሻ ነው።"

"እሱ አይጾምም?"

"እየተማረ ነው" አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀና አንድ ቁራጭ ሥጋ ከነአጥንቱ በጋዜጣ ጠቀለለልኝ። እኔም ላዩ ላይ ጎመን ደርቤ ወደ ቤት ወጣሁ።

ግቢ ስገባ ወይዘሮ አሰገደች ልብስ ታሰጣ ነበር። ዓይኗ ዘንቢሌ ላይ ወደቀ። ጋዜጣው ርሶ ያንጠባጥባል።

"ውይ ጋሽ ወርቁ፣ ጎመንዎ ይደማል እኮ!"

ፈጠን ብዬ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ብርቄ በጾም ሥጋ ቤቷ እንደማታስገባ፣ ቢላዋም ሳህንም እንደማትሰጠኝ አውቃለሁ። ጓሮ ግን የአናጢነት ጠረጴዛዬ አለ፤ ቁመቱም ከማድ ቤቱ ጠረጴዛ ጋር እኩል ነው። ጣሳዎቹን፣ ጆንያውንና በርጩማውን እዚያ ወስጄ፣ ሥጋውን በመጥረቢያ ከትፌ አስተማርኩት። መጀመሪያ ዘለለ፤ ጣሳው ወረደበት። ደግሞ ዘለለ፤ ደግሞ ወረደበት። በመጨረሻ ለሃጩ እየተዝረበረበ ጆንያው ላይ ተኛ። በተኛ ቁጥር ከእጄ ጎረሰ። ከአንዱ አጥንት በቀር ሥጋው በዚህ አለቀ።

በማግስቱ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ወርቁ በሑዳዴ ሥጋ ገዝቶ፣ ያውም የሙስሊም ሥጋ፣ ጓሮ ተደብቆ ይበላል ተባለ። ሰዎች ሰላምታ ነፈጉኝ። የጽዋ ማኅበሬ ሰዎች ተራዬን ዘለሉት። መጥቶ "እውነት ነው ወይ?" ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው እንኳ የለም! ብርቄ አለቀሰች። "ለአንድ ቡችላ ብለህ ስማችንን አጠፋህ። ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ እወጣለሁ" አለችና የነፍስ አባታችንን አስጠራች።

አባ መጡ። ግቢው ተሰበሰበ። ወይዘሮ አሰገደች ከፊት ተቀመጠች።

"ሥጋ ገዝተሃል?" አሉኝ አባ።

"ገዝቻለሁ።"

"የታለ?"

"ቡቺ በላው።"

"ይኸው!" አለች ወይዘሮ አሰገደች። "እንዲህ ከሆነማ እኛም አንዳንድ ውሻ እንያዛ!"

ንዴቴን ዋጥ አደረግኩ። "አባ፣ እኔን አይመኑ፤ ውሻውን ይዩት" አልኩና ሁሉንም ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው። የቀረውን አጥንት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ጣሳዎቹን አነሳሁ። "ቦታህ!" አልኩና ቡቺን ከአጥንቱ ጋር ብቻውን ትተን ወደ ፊት ለፊት ተመለስን። አባ ቆመው ጸሎት አደረሱ። ጸሎቱ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

ስንመለስ አጥንቱ እንደነበረ ነው። ቡቺ ጆንያው ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጣል፤ ፊቱ ያለው መሬት በለሃጩ ርሷል።

አባ ጎንበስ ብለው አዩት። "ይህ ውሻ አይነካ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ግን በጾም ሥጋ ተሸክመህ በሰው ፊት አልፈሃል። ለጎረቤትህ መሰናክል ሆነሃል። እስከ ፋሲካ ጠዋት ጠዋት ስገድ።"

"ስሜን ያጠፉትስ፣ አባ?"

"እነሱን ለእኔ ተዋቸው" አሉ። ከእነሱ ሲሰግድ ያየሁት ሰው ግን የለም። እኔ ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ።

የፋሲካ ለት ወይዘሮ አሰገደች የዶሮ ወጧን ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ በሩን ሳትዘጋ እህቷ ዘንድ ሄደች። አውቃ ነው ያደረገችው። ስትመለስ ድስቱ ሙሉ ነው። ቁራጭ ሥጋ አውጥታ ወረወረችለት፤ አልተነሳም።

"ምነው ናቀኝ?" አለች።

"በእጅሽ ስጪው" አልኳት።

ያቺ በጥይት አስደፋዋለሁ ያለች ሴት በበዓል ቀሚሷ ቁጢጥ ብላ አጎረሰችው። ጀርባውንም ዳበሰችው። ለእኔ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የማኅበሬ ሰዎችም ተራዬን መለሱልኝ፤ ይቅርታ ያለኝ የለም።

ዛሬ ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ "ታርቃችሁ የለም እንዴ?" ይለኛል። አልታረቅንም፤ ዝም ተባባልን እንጂ። ያለ መምህር ተምሬ ውሻ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ልመሰገን ሲገባኝ ተቀጣሁ። ውሻዬ ተርፎልኛል፣ አርጅቶ ነው የሞተው፤ ለዚህ አምላኬን አመሰግናለሁ። ስግደቴን ግን ይመልሱልኝ።